ማሽኑን ቀበቶው መረጠው

ነቀምቴ ውስጥ ጠረጴዛ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መዳፉን በገበታው ላይ ማሳለፍ ነው። እግሩ ይነቃነቅ እንደሆነ፣ ኮላው ይዞ እንደሆነ የሚያየው ኋላ ነው። መዳፉን አንድ ሸካራ ነገር ከያዘው ዋጋው እዚያው ወረደ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ እንጨቱ ብትምል ብትገዘት የሚሰማህ የለም። በ2007 ዓ.ም. ቡርቃ ጃቶ በኩል በነበረን የማኅበር ሼድ ያንን ልስላሴ የምናመጣው በክንዳችን ነበር። የብርጭቆ ወረቀት በቁራጭ ጣውላ ላይ ጠቅልለን ስንገፋ እንውላለን። ከመካከላችን አንዱ መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ጣቱ አሻራ አልሰጥ ብሎ፣ ጣት በጣት ሲያስሞክሩት ቆይተው በመጨረሻ በግራ እጁ ትንሿ ጣት ተገላግሎ መጣ። ስንስቅበት ዋልን፤ ሥራ ሲያልቅ ግን ሁሉም የራሱን ጣት ወደ ብርሃን አውጥቶ ሲያይ አይቻለሁ።

ማሽን እንግዛ ያሰኘን ግን የጣታችን ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ከተማው ሰፍቶ፣ የሚከራየው ክፍል ሁሉ አልጋና ጠረጴዛ ይፈልግ ስለነበር ሥራ አልጠፋም። አስጨናቂው ሥራ የመጣው ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። አዳዲስ ዴስኮች አዘዘንና የድሮዎቹንም አብራችሁ አድሱልኝ አለ። አዲሶቹ ቀላል ናቸው። የድሮዎቹ ግን ቫርኒሽ በቫርኒሽ ላይ የተደረበባቸው፣ የተማሪ ስም በምላጭ የተቀረጸባቸው፣ የእስክሪብቶ ቀለም እንጨቱ ውስጥ የሰረገባቸው ነበሩ። ቫርኒሹን በእጅ ሲፈትጉት ወረቀቱን ወዲያው ይደፍነዋል። በመላጊያ እንሂድበት ብንል ደግሞ የተሰበረ ምስማር ውስጥ ውስጡን ተቀብሮ ይጠብቅና የመላጊያውን ስለት ይሸርፈዋል።

እንጨታቸው ዋንዛ ነበር። ድሮ ወለጋ ውስጥ ዋንዛ ለተማሪ ዴስክ ይተርፍ ነበር ማለት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከለ ወዲህ፣ ዋንዛ ማለት ከገበሬው ማሳ ከቡናው ጥላ ተቆርጦ በወረቀት ኬላ የሚያልፍ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ገበታ በቸልታ ፈትጎ ማሳሳት የሚደፍር አናጢ የለም፤ የሚደፍር ካለም እኛ ሼድ አይቆይም ነበር።

የማይቆይበት ምክንያት ባርሲሳ ናቸው። ዕድሜያቸውም ሙያቸውም ከሁላችን በላይ ነው። ድሮ ሙያ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ስለነበር ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ባርሲሳ» ነው የሚላቸው፣ መምህር ለማለት። ልጅ ሳሉ በዴዴሳ ቆላ አባታቸው በርጩማ ጠርበው ሲጨርሱ የሚያለሰልሱት በቅጠል እንደነበር ይነግሩን ነበር። ዛፉ ከሾላ ወገን ነው፤ የእጽዋት ሰዎች ፊከስ ኤግዛስፔራታ ይሉታል፤ ቅጠሉ በጣም ሸካራ ስለሆነ በምዕራብ አፍሪካም ሰዎች ዕቃ ያለሰልሱበታል። ባርሲሳ ይህን የሚያወሩት እኛ ስለ ድካማችን ስናማርር ነበር፤ ታሪክ ሊነግሩን ሳይሆን አፋችንን ሊያዘጉን።

የመጀመሪያው ማሽን ሳንገዛው መጣ። የአንዱ ማኅበርተኛችን አጎት የሚኖሩት ሚኒሶታ ነው፤ ከወለጋ ሄዶ እዚያ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ለሠርግ ሲመጡ ያገለገለ ሳንደር፣ ማለትም በሚሮጥ የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ እንጨት የሚያለሰልስ የእጅ ማሽን፣ በፎጣ ጠቅልለው በሻንጣቸው ይዘውልን መጡ። ማኅበርተኛችን ደስታው ልኩን አጥቶ ሶኬት ፍለጋ ሲሮጥ ባርሲሳ ክንዱን ያዙት።

«ቆይ እስቲ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የተጻፈበትን እናንብብ።»

ማሽኑን ገለበጡ፤ ከጎኑ የተለጠፈችውን የብረት ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና መነጽራቸውን አስጠግተው አነበቡ። 120 ቮልት፣ 8.8 አምፒር። ግድግዳችን የሚሰጠው 220 ቮልት ነው። በከተማው ሌላ ሼድ ተመሳሳይ ስጦታ መጥቶ እንደተሰካ ያየ ሰው ነግሮን ነበር፤ ማሽኑ ከመጠን በላይ ጮኾ፣ ቀበቶውን አሽቀንጥሮ፣ በንፋስ መውጫው ጭስ ተፍቶ አበቃ። አሜሪካ ሄርዙ 60 እኛ ጋ 50 መሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ በካርቦን ለሚሠራ ሞተር ብዙም ጣጣ የለውም። የሚገድለው ቮልቴጁ ነው፤ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ሲገባበት የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይነዳል።

ባርሲሳ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አባዙት። 120 በ8.8 ከ1050 ዋት ይበልጣል። ስለዚህ ለፍሪጅ የምትሆነው ትንሽ ትራንስፎርመር አትችለውም፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚስበው ደግሞ ከዚያም ስለሚበልጥ 2000 ዋት የምትሸከም ያስፈልጋል። እንዲያ ያለችውን ተውሰን ከባንኮው ሥር አስቀመጥናት። አንድ ሰው ብቻውን አያነሳትም። በር ለመግጠም ደንበኛ ቤት ስንሄድ ሳንደሩን አንዱ በእጁ አንጠልጥሎ፣ ትራንስፎርመሯን ሁለት ሰው ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ሲያስገባ ያየ ሁሉ ይስቅብን ነበር። ቢሆንም ይሠራል፤ እኛም ለመድነው።

የጨረሰን ቀበቶው ነው። አብረውት የመጡት ጥቂት ቀበቶዎች ሲያልቁ በከተማው ያሉትን የሕንፃ ዕቃ መሸጫዎች ዞርን። የለም። ባለ 3 በ18 ኢንች ነበር የሚፈልገው፤ በሚሊ ሜትር 75 በ457 መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ሰው ልከን ጥቂት አገኘን፤ እሱም አለቀ። ማሽኑ ምንም ሳይሆን፣ ሞተሩ ደህና እንደሆነ፣ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሰጋቱራ ለበሰ።

ገንዘብ አዋጥተን የራሳችንን እንግዛ ስንል ያኔ ነው ክርክሩ የጦፈው። ወጣቶቹ የሚያወሩት ስለ ዋት ነው፤ 1200 ይሻላል፣ የለም 1500 ያለው አለ። አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ዘመዱ ሱቅ ያየውን እየጠቀሰ ዋጋው ረከስ ያለ የቻይና ይሻለናል ይላል። ባርሲሳ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «በሬ ስትገዙ መጀመሪያ ሳራችሁን እዩ» አሉ። በማግስቱ ደብተር ይዘው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ያ ቀን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ባርሲሳ ነቀምቴ ውስጥ ዕቃ መሸጫ በገቡበት ሁሉ ስለ ማሽን አንድም ቃል አልጠየቁም። «ኦቦ፣ የሳንደር ቀበቶ አለህ?» ይላሉ። ሻጩ ያወጣላቸዋል። ገልብጠው ጀርባውን ያነባሉ፤ ስፋቱንና ዙሪያውን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። «40 ቁጥር አለህ? 80 ቁጥርስ? ስታልቅ በስንት ጊዜ ታስመጣለህ?» ይላሉ፤ ቁጥሩ የአሸዋው ሻካራነት ነው፣ ሲያንስ ይሻክራል። ከዚያ አመስግነው ይወጣሉ። ሳይገዙ በመውጣታቸው ያኮረፈ ነጋዴም አልጠፋም። ስንጨርስ ደብተሩ ላይ ያለው ግልጽ ነበር። ባለ 457 አንድም ቦታ የለም። 75 በ533 አልፎ አልፎ አለ፣ ግን 80 ቁጥር ብቻ። 100 በ610 ግን ከሻካራው እስከ ለስላሳው በየሱቁ ተሰቅሏል፤ ትልልቆቹ የቤት ዕቃ ሠሪዎች በዚያ ልክ ስለሚሠሩ ነጋዴውም የሚያስመጣው እሱን ነው። እነዚህ ልኮች ደግሞ እርስ በርስ አይተካኩም። የማሽኑ ሁለት ሮለሮች የቆሙበት ርቀት አንድ ስለሆነ ቀበቶው በጥቂቱ ካጠረ አይገባም፣ በጥቂቱ ከረዘመ ይሾልካል። መርካቶ ሳንደርስ ነቀምቴ ላይ ግማሹ ተወሰነ።

መርካቶ የሄድነው በአውቶቡስ ነው፤ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሲሬ፣ በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ አድርጎ። ስለ መንገዱ ብዙ አላወራም። ባርሲሳ ከጉደር እስከ ሆለታ ተኙ።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሦስት ማሽን ደረደረልን። አንዱ ባለ 457 ትንሹ ነው፤ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ሲያዩት ያምራል። ሁለተኛው ባለ 533 የቻይና ነው፤ ዋቱ ከሁሉም ይበልጣል ተብሎ ተጽፎበታል። ሦስተኛው ባለ 100 በ610 ማኪታ ነው፣ 9404 የሚባለው፤ 1010 ዋት፣ ክብደቱ 4.7 ኪሎ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ210 እስከ 440 ሜትር የሚስተካከል።

እዚህ ላይ ስለ ክብደት የሰማሁትን ልናገር፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚያስበው። ገበታ ባንኮ ላይ ተኝቶ ሲሠራ ከባድ ማሽን ይሻላል፤ ክብደቱ ራሱ ስለሚጫን አንተ የምትመራው ብቻ ነው። ቀላሉን ማሽን ግን እንዲበላልህ መጫን አለብህ፤ ስትጫን ደግሞ አንዱ ጎን ይዘምና እንጨቱን ይቆፍረዋል። ባለ 100 ስፋት ያለው በገበታ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ባለ 75ቱ ወደ ጎን መዝመም ይወዳል። በሩ ተገጥሞ ከቆመ በኋላ ቁመቱን ይዘህ ማለስለስ ካለብህ ግን ያ ከባዱ ማሽን ትከሻህን ያወርደዋል፤ ለዚህ ትንሹ ይሻላል። የኛ ሥራ በአብዛኛው ዴስክና ጠረጴዛ ነበር፣ ተኝቶ የሚሠራ። ባርሲሳ ይህን ሁሉ ለሻጩ አላስረዱም። ማኪታውን አንስተው ባንኮው ላይ አስቀመጡት፣ ከኋላ በአንድ ጣት ገፉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የፍጥነቱ ነገር ደግሞ ለቫርኒሽ ነው። ቀበቶ በፍጥነት ሲሮጥ ይሞቃል፤ አሮጌ ቫርኒሽ ሲሞቅ ይቀልጥና አሸዋውን ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ቀበቶ ደግሞ መፋቁን ትቶ እንጨቱን ያቃጥላል። ስለዚህ ቫርኒሽ ሲነሳ ቀስ አድርጎ፣ ባዶ እንጨት ላይ ሲደረስ ፈጠን አድርጎ ነው። አንድ ፍጥነት ብቻ ያለውን ማሽን ዋቱ የፈለገ ቢሆን ለዚያ ትምህርት ቤት ሥራ አልገዛውም ነበር።

ከዚያ ምርመራው መጣ። ባርሲሳ ማሽኑን ገለበጡት፤ ከሥሩ ያለውን ሳህን፣ ማለትም ቀበቶውን ከእንጨቱ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ብረት፣ በጥፍራቸው መቱት። ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ሲሞቅ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ገበታው ላይ የሚወጣው ልስላሴ ሳይሆን ማዕበል ነው። ቀጥሎ ማላቀቂያውን ስበው ቀበቶውን አወለቁ፣ መልሰው አስገቡ፤ አቅጣጫውን የምታሳየው ቀስት ወደ የት እንደምታይ አዩ። ማሽኑን አስነስተው ወደ ሰማይ እንደያዙ በጎን ያለችውን ማስተካከያ ቀስ እያሉ አዞሯት፤ ቀበቶው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ መሐል ላይ ቆመ። ዘወር ሳይል መቆሙን እስኪያረጋግጡ ድረስ አላጠፉትም። ሻጩ ሰዓቱን ያያል።

በመጨረሻ የጠየቁት ጥያቄ ግን ሻጩንም አስገርሞታል።

«ካርቦኑ የሚወጣው ከውጭ ነው ከውስጥ?»

ከውጭ ነበር፤ በሁለት ጎን በካቻቢቴ የሚዞሩ ጥቁር ክዳኖች አሉት። ካርቦን፣ ማለትም ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ቁራጭ፣ የሚያልቅ ነገር ነው። ክዳኑ ከውጭ ከሆነ ማንም አናጢ አውጥቶ ይቀይረዋል። ከውስጥ ከሆነ ሆዱ መከፈት አለበት፤ ሆዱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አቧራ ገብቶ፣ ብሎን ጠፍቶ፣ ነገሩ ወደ ሞተር ጠቅላይ ይሄዳል። የማኪታ ነገር ሲነሳ ይኼ ራሱ ደስ ይለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በጃፓን ናጎያ ከተማ ሲቋቋም ሞተርና ትራንስፎርመር እየሸጠ የሚጠግን ቤት ነበር፤ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መላጊያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በእጅ የሚያዘውን ሳንደር ራሱን የፈለሰፈው ደግሞ አሜሪካዊው አርት ኤሞንስ ነው፤ ፖርተር ኬብል ለተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1926።

በዚያው መደዳ ሌላ ሱቅ ተመሳሳይ ስም ያለበት አረንጓዴ ማሽን በግማሽ ዋጋ አቀረቡልን። ባርሲሳ አንስተው መዘኑት፤ ቀለል አለባቸው። ሽቦውን በጣታቸው አጠፉት፤ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ እንደታጠፈ ቀረ። የዋናው ማኪታ ሽቦ ጎማ ነውና ተመልሶ ይዘረጋል። ጽሑፉን በምራቅ በረጠበ ጣታቸው ፈተጉት፣ ቀለሙ መጣ። ምንም ሳይናገሩ ባንኮው ላይ መልሰው አስቀመጡትና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

ዋናውን ማኪታ ገዝተን ነቀምቴ ስንመለስ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ቤት ሆነ። ማሽኑ የሚነሳው ከእንጨቱ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ሲሮጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲጠፋም መጀመሪያ ከእንጨቱ ይነሳል። ገበታ ላይ ተቀምጦ ከተነሳ ይዘላል። እንጨቱን ከነካ በኋላ ደግሞ አንድ ቦታ ማቆም የለም፤ በእንጨቱ ጅማት መሄድና መመለስ ብቻ። አንድ ተለማማጅ ስልኩ ጠርቶበት ዘወር ሲል ማሽኑ እየሮጠ ለቅጽበት አንድ ቦታ ቆመ። በዓይን ምንም አይታይም ነበር። ቫርኒሹ ሲቀባ ግን መስኮት ላይ ሲያዘነብሉት ሳህን የሚያህል ጎድጓዳ አበራ። ባርሲሳ አልተቆጡም፤ እርሳስ አውጥተው ገበታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በተጠላለፈ መስመር ሞነጫጨሩት። «መስመሩ እኩል ሲጠፋ ገበታው እኩል ነው። ከጎድጓዳው ውስጥ ያለው እርሳስ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ሳይሞነጨር የተፈተገ ገበታ ሼዳችን ውስጥ አላየሁም።

በ40 ቁጥር መጀመር የሚፈቀደው ለቫርኒሽ ብቻ ሆነ። ከዚያ 80፣ ከዚያ 120፤ ቁጥር መዝለል የለም። 40 ቁጥር የሚተወውን ጭረት 120 አይደርስበትም፤ ከላይ ያብሰዋል እንጂ፤ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲጠጣ ተመልሶ ይወጣል። ኮምፔንሳቶ ላይ ደግሞ ማሽኑን ጨርሶ ከለከሉ፤ ከላይ ያለችው ቅርፊት ስስ ናት፣ ዓይንህን ሳትከድን ሥሯ ይወጣል።

የተደፈነ ቀበቶ አይጣልም። የአሮጌ ጫማ ክሬፕ ሶል ይፈለጋል፤ ያ ቢጫ የሚመስል ለስላሳ ጎማ። ቀበቶው እየሮጠ ሶሉን ጠጋ ሲያደርጉት አሸዋው መሐል የተሰነቀረውን ቫርኒሽና አቧራ ጎማው ይዞት ይወጣል። በዚህ ብቻ የአንድ ቀበቶ ዕድሜ በእጥፍ ሲጨምር አይቻለሁ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ሶል ያለው አሮጌ ጫማ ያለው ሰው ሁሉ ወዳጃችን ሆነ።

የነቀምቴ ክረምት ግን ለቀበቶ አይመችም። ዝናቡ ከግንቦት ይጀምርና መስከረምን ይሻገራል። ቀበቶ ማለት ጫፍና ጫፉ በሙጫ የተያያዘ ጨርቅ ነው፤ እርጥበት ሲገባው መገጣጠሚያው ይለቃል። ሥራ መሐል «ጧ!» ብሎ ሲበጠስ ሼዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይዘላል። አጥፎ ማስቀመጥም አይሆንም፤ የታጠፈበት ይሰበራል። ባርሲሳ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ከቡና ማፍያው በላይ ሰቀሉትና ቀበቶዎቹን ሁሉ አንጠለጠሉበት፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሙቀት ያደርቃቸዋል።

አቧራው ሌላ ጣጣ ነው። በእጅ ስንፈትግ እግራችን ሥር የሚወርደው አቧራ አሁን አየር ላይ ይንሳፈፋል። የማሽኑ ከረጢት የሚይዘው የተወሰነውን ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ይህን ያወቅሁት ብዙ አቧራ ከተነፈስኩ በኋላ ነው። ግራቪሊያ ስንፈትግ ደግሞ ከመካከላችን ሁለት ልጆች ክንዳቸው ይቀላና ያሳክካቸው ነበር። ማስክ በየሱቁ የመጣው በኮሮና ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ፊታችንን የምንሸፍነው በሻሽ ነበር። ከረጢቱም ማታ ሳይራገፍ አያድርም፤ ምስማር ነክቶ የተፈናጠረ ፍንጣሪ ውስጡ ገብቶ ሌሊቱን ሲብላላ ሊያድር ይችላል።

ወሬው ተሰማና የጊምቢ አናጢ ወዳጃችን ያንኑ ዓይነት ማሽን ገዛ። ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የዴዴሳን ድልድይ ተሻግሮ። ቀበቶ ሲያልቅበት ይደውልልን፣ እኛም በሚኒባስ እንልክለት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ እስከ መጋቢት ሲቆይ ግን መደወል ቀረ። ያኔ ወረቀት ጽፎ በሾፌር ሰደደ፤ «የሳንደር ቀበቶ፣ 4 ኢንች፣ 60 ቁጥር» ይላል፤ ዙሪያውን ረስቶታል። ሾፌሩ ተቻኩሎ ሼዳችን ሳይመጣ በቀጥታ ሱቅ ገባ። ሱቁም ባለ 4 ኢንቹን ሰጠው፤ ግን ባለ 100 በ915 ነው፣ እግር ተክሎ ለሚቆም ማሽን የሚሆነው።

በኋላ ለበር ሥራ ጊምቢ ስሄድ ያደረገውን በዓይኔ አየሁ። ያን ረጅም ቀበቶ በ610 ልክ ቆርጦ፣ ጫፎቹን አጋድሎ በምላጭ አሳስቶ፣ ከአንደኛው ጫፍ አሸዋውን ፍቆ አንስቶ፣ በኮላ አጣብቆ፣ በሁለት ብረት መሐል በሞርሴቶ አጥብቆ አሳድሮታል። ከኋላው ቀጭን ጨርቅ ለጥፎበታል። ማሽኑ ደግሞ ተገልብጦ ባንኮው ላይ በሞርሴቶ ታስሯል፤ ቀበቶው ወደ ላይ እየሮጠ ትናንሽ የወንበር እግሮችን በእጁ እያስጠጋ ያለሰልስበት ነበር። ያበጃጃት ቀበቶ መገጣጠሚያዋ ሳህኑን ባለፈች ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። «እንዴት ነው፣ ትሠራለች?» አልኩት። «አንድ ቀን ትሠራለች፣ በማግስቱ ሌላ እሠራለሁ፤ ስልክ እስኪመጣ እንዲህ ነው የኖርነው» አለኝ ሳቅ ብሎ። አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ ተበጠሰችና ጉንጬን ጠብሳኝ አለፈች።

መብራትም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ማታ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ማሽኑ ሲያቃስት ሰው «መብራት አነሰ እንጂ አይጎዳም» ይላል፤ ይጎዳል። ሞተሩ ሲዘገይ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም አብሮ ይዘገያል፤ አንተ ደግሞ አልበላ አለኝ ብለህ ትጫነዋለህ፣ ይግላል። ስለዚህ ከአመሻሽ በኋላ ሳንደር መንካት በሼዳችን ተከለከለ። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ሽቦም እንደዚያው፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ነገሩ ተለዋውጧል። ነቀምቴ ውስጥ ከሚሠራው ቁም ሣጥን ብዙው ኤምዲኤፍና ላሚኔት የተለጠፈበት ቺፑድ ነው፤ ፋብሪካ አለስልሶ የላከውን ማን ይፈትጋል? ዋንዛ የሚያዝ ሰው ሲመጣ ዋጋ ሰምቶ ይሄዳል። ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ የሚያሠራ ግን አለ፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ካልተፈተገ በቀር ደንበኛ መዳፉን አያሳርፍበትም። ወጣት አናጢ እየመጣ የትኛው ሳንደር ይሻላል ብሎ ሲጠይቀኝ ሰፈሩን እጠይቀዋለሁ። ደምቢ ዶሎ ነው? ነጆ ነው? እዚያ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ቀበቶ ስንት በስንት ነው? ብዙዎቹ ይህን ይዘው አይመጡም፤ ስልካቸው ላይ የማሽን ፎቶ ነው ይዘው የሚመጡት።

ማኅበራችን በ2014 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃውን በዕጣ ተካፈልን። ባርሲሳ ዕጣ አላወጣም ብለው መላጊያቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ። ለእኔ ባንኮውና ሞርሳው ደረሰኝ። ሳንደሩ ከአርጆ ለመጣ አንድ ወጣት ማኅበርተኛችን ደረሰው፤ አባቱ ቤት አጠገብ ትንሽ ሥራ ቤት ከፍቶ እስከ አሁን ይሠራበታል። ሁለት ጊዜ ካርቦን ቀይሮለታል፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን። ጥቅልሉ የመጀመሪያው ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፤ «ጋሼ፣ 80 ቁጥር አምስት፣ 120 ቁጥር ሦስት፤ 100 በ610 መሆኑን ወረቀቱ ላይ ጻፉልኝ፣ ሾፌሩ አዲስ ነው» አለኝ። ገዝቼ ላክሁለት። ሒሳቡን በቴሌብር መለሰልኝ፤ ለሚኒባሱ ረዳት የከፈልኩትንም ጨምሮ።